ከጉድጓዱ አፍ ያልተነሡት እማማ አለቃ

ሰፈሩ ሁሉ «እማማ አለቃ» እያለ የሚጠራቸው እናታችን ከገመድ ገማጅ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ጠባብና ረጅም ነበር፤ ጠባብነቱ ከድህነት፣ ርዝመቱ ከሥራ የመጣ ነው። ገመድ የሚገመደው ተዘርግቶ ስለሆነ አባታቸው ክፍሎቹን በአንድ መስመር ሠርተው በሮቹን ሁሉ ትይዩ አድርገዋቸው ነበር። ሥራ ባለ ቀን ገመዱ ከጓዳ ተነሥቶ በመኝታ ክፍሉ መሀል አልፎ እስከ ውጭው በር ይወጠራል። ልጆቹም ከአልጋ ወርደው ምሳ እስኪበሉ ድረስ ከሥሩ ጎንበስ ቀና ሲሉ ይውላሉ። እማማ አለቃ ይህን ሲያስታውሱ «እኛ ቤት ጎንበስ ማለት ያልለመደ ግንባሩ ይማርለት ነበር» ብለው ይስቁ ነበር።

በአቅራቢያቸው በነበረው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። እምነታቸውን ግን የተማሩት ከእናታቸው ጎን ሲሄዱ ነው። አዋላጇ እናት ወደ ወላድ ቤት ሲጠሩ ልጃቸውን ዕቃ አስይዘው ይወስዷት ነበር። በሩን ከማንኳኳታቸው በፊት ቆም ብለው «ጌታ ሆይ፣ እኔ እጄን ይዤ መጥቻለሁ፤ የቀረውን አንተ ታውቃለህ» ይላሉ። ሌላ ረጅም ጸሎት አልነበራቸውም። ልጅቱ ይህችን ጸሎት ማንም ሳያስጠናት ያዘች፤ ዕድሜ ልኳንም በቃቻት።

ከትምህርት በኋላ በአባታቸው ቤት ገመድ እየገመዱ ሳሉ ከዛሬ ባለቤታቸው ጋር ተዋወቁ። ባለቤታቸው ያኔ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በእጅ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ጎልማሳ ነበሩ። ገመድ ሊገዙ መጡ፤ በሳምንቱ ደግመው መጡ፤ በሌላው ሳምንት ገና ያልተጠቀሙበትን «አጠረኝ» ብለው ሊያስቀጥሉ መጡ። አባትየው በመጨረሻ ሥራቸውን አቁመው «ይሄ ልጅ ወደ ምድር እምብርት ነው እንዴ የሚወርደው? ገመዱን ተወውና የመጣህበትን ተናገር» አሏቸው። በ1972 ዓ.ም. ተጋቡ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

እማማ አለቃ ከተጋቡ ጀምሮ የጉድጓዱ አፍ ላይ መሥራት ጀመሩ። የቆፋሪ ሥራ ሁለት ገመድ አለው። ወፍራሙ በመዘውር እየተጠቀለለ አፈር የሞላ ባልዲ ያወጣል። ቀጭኑ «የወሬ ገመድ» ይባላል፤ አንዱ ጫፍ ከታች ካለው ሰው የእጅ አንጓ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ላይ ከተቀመጠው ሰው መዳፍ ውስጥ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሲሳብ ባልዲው ይውጣ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ የሚጠጣ ውሃ ላኩ፤ ሦስት ጊዜ፣ አውጡኝ። የወሬ ገመድ የያዘ ሰው ቆፋሪው ወጥቶ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ለሌላ አያቀብልም፤ የአንዱን እጅ አመል ሌላው አያውቀውምና። «የያዘ ያወጣል» ይላሉ ቆፋሪዎች። እናታችን ይህን ሕግ ከቆፋሪዎቹ በላይ አጠበቁት። ምሳቸውን በግራ እጃቸው ይበሉ ነበር። የባለቤታቸው ወንድም መዘውሩን እያዞረ ሲያሾፍ «እኛ ተቀጣሪ ነን፤ አለቃዋ እሷ ናት» አለ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

በ1986 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የሆነው በቤተሰቡ ውስጥ ብዙ ተነግሯል፤ ሲነገርም ተጨምሮበታል። እርሳቸው ጭማሪውን አይወዱትም ነበርና እዚህ የተጻፈው ራሳቸው እንደ ተናገሩት ነው።

ከአንድ የጡብ ማምረቻ ግቢ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። ውሃው ስላነሰ ባለቤታቸው ከታች ወደ ጎን ትንሽ ዋሻ መክፈት ጀምረው ነበር። ማታ ውሃውን አግኝተው ሊያስደንቋቸው ስላሰቡ ላይ ላሉት አልነገሩም። ከምሳ በኋላ የጉድጓዱ አንድ ጎን ተናደ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ከባድ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። አቧራው ሲገለጥ ጉድጓዱ እስከ ግማሹ ሞልቷል። የወሬው ገመድ ከአፈሩ መሀል ወጥቶ በእማማ አለቃ መዳፍ ላይ እንዳለ ነው። ሳቡት፤ ድርቅ አለ። ደግመው ሳቡ፤ መልስ የለም።

ጡብ ሠሪዎቹ ተሰበሰቡ፤ እስካቫተር ተጠራ። አፈሩ ገና ይንሸራተት ስለነበር የማሽኑ ሹፌር ሰው ሁሉ ከአፉ እንዲርቅ ጠየቀ። ሁሉም ራቀ፤ እርሳቸው አልተነሡም። ሹፌሩ ገመዱ እንዲቆረጥ ፈለገ፤ ለማሽኑ እንቅፋት ነው። «አይቆረጥም» አሉ። የባለቤታቸው ወንድም ፊቱ በእንባና በአቧራ ጭቃ ሆኖ አጠገባቸው ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ተነሺ በናትሽ። ልጆች አሉሽ።»

«ፈርታችሁልኝ ከሆነ ወገቤን እሰሩኝ።»

«ሳበ እንዴ? ገመዱን ሳበው?»

«አልሳበም።»

«ታዲያ በሕይወት እንዳለ በምን አወቅሽ?»

«አላወቅሁም። እኔ ያዥ ነኝ።»

ወገባቸውን ከግቢው የብረት ምሰሶ ጋር አሰሯቸው። ሹፌሩ ከማሽኑ ላይ ሆኖ ሲያያቸው ቆየና «እሺ እናቴ፣ ገመዱን ተከትዬ ነው የምቆፍረው፤ በማንኪያ እንደምቆፍር ቁጠሪው» አለ። «እናቴ» ያላቸው ሹፌር በዕድሜ ከእርሳቸው ይበልጥ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ሁሉም ታናሻቸው የሆነ ይመስል ነበር።

ኋላ ላይ ልጆቻቸው ደጋግመው የጠየቋቸው እዚያ ተቀምጠው ምን እንዳሰቡ ነው። እማማ አለቃ በመጀመሪያ ቁጣ እንደ ነበር አልደበቁም። እግዚአብሔርን «አንተ ነህ ወይስ አፈሩ ነው እዚህ ያለው ጌታ?» ብለውት ነበር። ከዚያ የእናታቸው ጸሎት ወደ አፋቸው መጣች። እጃቸውን ይዘው መጥተዋል፤ የቀረውን እርሱ ያውቃል። ያን ጊዜ ሰላም መጣ። ከውስጥ እንደ ተነሣ ስሜት አልነበረም ይሉ ነበር፤ አንድ ሰው ከኋላ መጥቶ ትከሻቸው ላይ ከባድ ሞቃት ነገር የደረበላቸው ያህል ነበር። ከእምነት ባልደረቦቻቸው አንዷ «ይወጣል ብሎ ነገረሽ ማለት ነው» ብትላቸው «አልነገረኝም። አለሁ ብቻ ነው ያለኝ» ብለው መለሱ። ሰዎች ገመዱ ተንቀሳቀሰ እያሉ ሲያወሩም ይቆጡ ነበር። «አልተንቀሳቀሰም! ቢንቀሳቀስማ ኖሮ ማንም ይይዘው ነበር።»

ሲነጋም እዚያው ነበሩ። እስካቫተሩ ከጎን እየሰረሰረ ሲወርድ ገመዱ ወደ ታች መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ታጠፈ። ሹፌሩ ማሽኑን አጠፋ። ሁሉም ሊቆፍር ያሰበው ቀጥታ ወደ ታች ነበር፤ ገመዱ ግን ማንም ወዳላወቀው ዋሻ አመለከተ። የቀረውን በአካፋ፣ ከዚያም በእጅ ዛቁት። እኩለ ቀን ላይ ባለቤታቸው በሕይወት ወጡ። ክንዳቸው በድጋፍ እንጨት ሥር ተይዞ ስለ ነበር ገመዱን መሳብ አልቻሉም ነበር። እማማ አለቃ ባለቤታቸው መሬት ላይ እስኪጋደሙ ጠብቀው መዳፋቸውን ለመክፈት ሞከሩ። ጣቶቹ እምቢ አሉ፤ አንድ በአንድ ሌሎች ከፈቱላቸው።

በናዳው የተደቆሰው የባለቤታቸው ግራ እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ፤ ቀኙም ዳግመኛ አልተዘረጋም። ከዚህ የከበደው ግን ሌላ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለምስጋና ስትሰበሰብ እርሳቸው ከቤት አልወጡም። «እኔን ያወጣኝ ማሽን ነው» አሉ። አንድ ቀን ብቻ ለሚስታቸው ምክንያቱን ተናገሩ፤ «እዚያ ውስጥ ስጠራው ነበር፤ በስሙ ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም።» እማማ አለቃ አልተከራከሩም። በአንድ ጉድጓድ፣ በአንድ ሰዓት፣ ላይ ለእርሳቸው የተሰጣቸው ሰላም ታች ለባለቤታቸው አልደረሳቸውም። ከዚያ በኋላ የኖሩት ሰላሙ ለባለቤታቸውም እንዲደርስ፣ ይህን አንድ ነገር እየለመኑ ነው። «የተሰጠኝን ለብቻዬ በልቼ አልጠግብም» ይሉ ነበር።

ኑሮ ጠበበ። እማማ አለቃ ወደ አባታቸው ሙያ ተመለሱ። የኪራይ ቤታቸውን ሁለት ክፍሎች በር ትይዩ አስከፍተው ገመድ መግመድ ጀመሩ። ባለቤታቸው ከወንበራቸው ሆነው ገመዱን የሚያከርረውን መንኮራኩር ያዞሩ ነበር፤ አዟዟራቸው ቀጥ ያለ፣ ምላሳቸው ግን ጠማማ ነበር። ገዢ ጥያቄ ሲያበዛ «እማማን ጠይቅ፤ እኔ የመንኮራኩሩ ሞተር ነኝ» ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ ሊያጽናኗቸው ሲመጡም «በእኔ አይድከሙ አባቴ፤ እሷ ለሁለታችን ትጸልያለች፤ ለአንድ ቤት አንድ ጸሎት ይበቃል» ብለው አሳቋቸው። እናታችን አብረው ሳቁ። ማለዳ ማለዳ ግን ገበታው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ባለቤታቸው ጋዜጣቸውን እየገለጡ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ይጸልዩ ነበር። ጋዜጣው እንዲታጠፍ ጠይቀው አያውቁም። በዚያ ቤት ያደጉ ልጆች ጸሎትና የወረቀት ድምፅ አንድ ላይ የሚሄዱ ይመስላቸው ነበር።

በዚህ ሥራ ሦስቱን ልጆቻቸውን አስተምረው ለወግ ማዕረግ አበቁ። የመጀመሪያዋ መምህርት፣ ሁለተኛው የከባድ መኪና ሹፌር ሆኑ፤ የመጨረሻዋ የገመዱን ሥራ ተረከበች። በሰፈሩ ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲያጣ፣ ልጅ ሲቀበር እማማ አለቃ ይጠሩ ነበር። ሄደው ብዙ አይናገሩም። አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ሰውየው እስኪነሣ አይነሡም። ከእርሳቸው ጋር የተቀመጠ ሁሉ ሰውነቱ እንደ ተፈታ ይናገራል።

በ2015 ዓ.ም. የጉበት ሕመም አገኛቸው። ሐኪም ቤት ተኝተው ከታከሙ በኋላ የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑ ተነግሯቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሁላችንም የጠበቅነው ያው የምናውቀውን ጽናት ነበር። እርሳቸው ግን ፈሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ አልጋው ግርጌ ላይ ሳለች፣ የታጠበ አንሶላ ይዛ በሩ ላይ የደረሰችው መምህርቷ ልጃቸው እናቷ እንዲህ ሲሉ ሰማች፤

«ፈራሁ። ልጸልይ ብል ቃሉ ጠፋብኝ። አንተ ጸልይልኝ።»

«እኔ? አለቃዬ፣ እኔኮ…»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ባለቤታቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ሥራ ሊለምን ቢሮ እንደ ገባ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ እኔ ነኝ። ተኳርፈን ነው የኖርነው፤ ታውቃለህ። ለራሴ ብሆን አልመጣም ነበር። ይቺ ሴት ፈርታለች። እሷ ፈርታ አታውቅም፤ ለአንተም አዲስ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ ለምን ዝም እንዳልከኝ ዛሬም አልገባኝም። እንዳለህ ግን እሷን ሳይ ነው የኖርኩት። በቃ። እሷን ዝም እንዳትላት።»

እማማ አለቃ ሳቁ። «እንዲህ ነው እንዴ ጸሎት? ጭቅጭቅ ነው ይሄ!»

«ጭቅጭቅ ነው የማውቀው። ሌላ አልተማርኩም።»

«ይሁን፤ ነገም ጨቅጭቅልኝ» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ። ብዙ ሳይቆዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ፍርሃት ተመልሶ አልመጣም። ልጅቱ አንሶላውን እንዳቀፈች ኮሪደሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ለምነው የኖሩት ነገር በዚህ መንገድ፣ እርሳቸው በደከሙበት ቀን ይመጣል ብሎ ያሰበ በቤቱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው በየቀኑ ከምሳ በኋላ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ጸለዩ። ስለ ገመዱ ዋጋ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እግራቸው፣ ስለ ሕመሙ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። በየካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ ባለቤታቸው እየጸለዩ ሳሉ፣ እማማ አለቃ በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። መምህርቷ የአባቷን ትከሻ ነካች። አባትየው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አውቃለሁ ልጄ፤ ገና አላመሰገንኩትም» አሉና ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

እማማ አለቃ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን በዚህ ምድር ትተዋል።

ሰላሙን በእርሳቸው በኩል ያሳየን አምላክ ነፍሳቸውን በቤቱ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም ዘግይተው የጀመሩትን ጭውውት እስከ መጨረሻው ያጽናላቸው። አሜን።