ውርጭ ሳይወርድ

ውድ ዊልፍ፣

ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። በስልክ እንደማትሰማ አገር ያውቃል። ዕድሜህን ሙሉ ከናፍጣ ሞተር በላይ ተቀምጠህ ጆሮህን ለእሱ ገብረሃል፤ እኔም እየጮኹ ማውራት ታክቶኛል። ከልጅህ ከጁዲት ጋር ግን እንገናኛለን። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነው፣ አሁን ተኝቷል» ትለኛለች። ቀን ቀን መተኛት የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?

ለማንኛውም አንድ ጥያቄ አለኝ፣ መልሱም ቶሎ ያስፈልገኛል። መስከረም ላይ ጁዲት መጥታ አንተን ከመውሰዷ በፊት የአሮጌዋን ባቡራችንን የቤስን የሞተር ውሃ አፍስሰኸዋል ወይስ አላፈሰስከውም? አንድ ቃል ብቻ ላክልኝ። የቀረውን ጊዜ ስታገኝ ታነበዋለህ።

ውርጩ ዘንድሮ ቀደመ። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ የወጥ ቤቴ መስኮት ነጭ ሆኖ ጓሮው አይታይም ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጎመኔ ነው። ሻዬን አፍልቼ ገና አንዴ ፉት እንዳልኩ ግን ቤስ ትዝ አለችኝ። ካፖርቴን በሌሊት ልብሴ ላይ ደርቤ፣ በሚያንሸራትተው መንገድ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዝኩ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ወድቄ ዳሌዬ ቢሰበር ማን ያነሳኛል ብዬ ያሰብኩት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ክሊፎርድና ኖሪን ቀድመውኛል። ባልና ሚስቱ እንደ ልማዳቸው እየተጨቃጨቁ ነበር። ክሊፎርድ ቤስን የሚጠብቀው የማኅበራችን ሊቀመንበር ስለሆነ ጥፋቱ የሁላችንም መሆኑን ያስረዳል፤ ኖሪን ደግሞ ሊቀመንበር የሚባል ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ትጠይቃለች። እሱ፣ እሷ ያፈሰሰችው መስሎት ነበር። እሷ፣ እሱ ያፈሰሰው መስሏት ነበር። እኔ ደግሞ ከሁለት አንዳቸው ያፈሰሱት መስሎኝ ነበር። ይኸ ሁሉ የመጣው አንተ ያንን የማፍሰሻ ቧንቧ ማንንም አስነክተህ ስለማታውቅ ነው። በየዓመቱ ውርጭ ሳይወርድ አንድ ጠዋት ብቻህን ከሥሯ ትገባለህ፣ የሞተሩን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ ታፈሳለህ፣ እጅህን እየጠረግክ ወጥተህ «ተኝታለች» ትለናለህ። ከዚያ በኋላ እስከ ጸደይ ማንም አይነካትም። በብርድ የማይረጋ ፈሳሽ እንቀላቅልበት ስንልህም ያረጁት የጎማ ቱቦዎች አይችሉትም ብለህ እንቢ ያልከው አንተው ነህ።

ክሊፎርድ ያንን ሆዱን ይዞ እየተንፏቀቀ ከሥሯ ገባና ቧንቧውን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

«ባዶ ናት» አለ ከሥር ሆኖ። «ዊልፍ አፍስሶታል። እግዜር ይስጠው።»

«ወይም በረዶ ሆኗል» አለች ኖሪን።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከአፍሽ ደግ ነገር ወጥቶ ያውቃል?»

«ካንተ ጋር እየኖርኩ ከየት ይምጣልኝ?»

ጭንቁ ይኸ ነው እንግዲህ። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ከቧንቧው ምንም አይወጣም። ውስጡ ረግቶ በረዶ ሆኖ ብረቱን እየገፋ ከሆነም ምንም አይወጣም። ከላይ ያለውን የውሃ ጋን ከፍተን አየን፤ ደረቅ ነው። ግን እሱ ሁልጊዜም ደረቅ ነው፤ ቤስ ቆማ በዋለች ቁጥር የላይኛውን ውሃ ታንጠባጥባለች፣ አንተም በየጠዋቱ ትሞላላት ነበር። ኖሪን ከቦርሳዋ ኪሮሿን አውጥታ በቧንቧው አፍ ወደ ላይ ብትሰደው ከአንድ ጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ። በረዶ ይሁን የዘመናት ዝገት ማን ያውቃል? ክሊፎርድ የጋዝ ምድጃ አምጥተን እናሙቃት አለ። በርዶ የቆየ ብረት በድንገት ከሞቀ የባሰ ይሰነጠቃል ስትል ሰምቼህ ስለነበር መንገዱ ላይ ቆሜ ከለከልኩት። ብርዱ ራሱ እስኪለቅ ከመጠበቅ በቀር የምናደርገው የለም። ሬዲዮው ደግሞ በቶሎ አይለቅም ይላል።

ይህ ሞተር ከተሰነጠቀ ሌላ የለም፣ ዊልፍ። ከኔዘርጊል መስመር የናፍጣ ባቡሮች የተረፈችው እሷ ብቻ ናት፤ እህቶቿ ሁሉ ተቆራርጠው ለብረት ሄደዋል።

ባለፈው ሳምንት ገበያ ልሄድ በአዲሱ ባቡር ተሳፍሬ ነበር። ድምፅ የሚባል የለውም። ከጣቢያው መውጣታችንን ያወቅኩት ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ አይቼ ነው። ቲኬት ቆራጭም የለ፤ ከጣሪያው ውስጥ አንዲት ሴት በተቀዳ ድምፅ የየጣቢያውን ስም ትጠራለች፣ ማን እንደወረደ ማን እንደቀረ ግን ግድ የላትም። ቤስ ብትሆን ገና ስትነሳ ወንበሩ ከሥርህ ይንቀጠቀጣል፣ መስኮቶቹ ይንገጫገጫሉ፣ ማሞቂያው ወይ እግርህን ይጠብሳል ወይ ጨርሶ አይሠራም። የናፍጣው ሽታ ከልብስ አይለቅም ነበር፤ እናቴ ካፖርቴን ውጪ ሰቅዬ እንድገባ ታስገድደኝ ነበር። ሰው ሁሉ ያማርር ነበር፣ ታስታውሳለህ? አሁን ያው ያማረረው ሰው በበጋ እሁዶች የልጅ ልጆቹን ይዞ ይመጣና ከድሮው ጣቢያ እስከ ድልድዩ በቤስ ሄዶ ሲመለስ ዓይኑን ጨፍኖ ያንኑ ሽታ ይስባል።

እኔን የሚናፍቀኝ ግን ከሾፌሩ ጀርባ ያለው መስታወት ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች ማጅራታቸውን ሰው ሲያይባቸው ስለማይወዱ መጋረጃውን አውርደው ይነዱ ነበር። አንተ አውርደህ አታውቅም። ከሙርሳይድ ጣቢያ በኋላ ተሳፋሪ ስለማይኖር ቲኬት መቁረጤን ጨርሼ መጥቼ ከመስታወቱ ኋላ እቆማለሁ። ሐዲዱ ወደ እኛ ሲመጣ፣ በጎቹ ከመስመሩ ሲሸሹ፣ ሸለቆው ባንዴ ሲከፈት፣ አንተ የምታየውን እኔም አያለሁ። ዞረህ አይተኸኝ አታውቅም፤ ሾፌር ዞሮ አያይም። እንደቆምኩ ግን ታውቅ ነበር፤ ሸለቆው ጋ ስንደርስ ትንሽ ቀስ ታደርጋታለህ። ስንት ዓመት አብረን ሠርተን ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ባለቤትህ በሕይወት ሳለች ነውር ነበር። እሷ ካለፈች በኋላ ደግሞ ዝምታውን ለመድነው። እወድሃለሁ፣ ዊልፍ። ጁዲት፣ ይህን ጮክ ብለሽ እያነበብሽለት ከሆነ እዚህ ጋ ዝለይ። ወይም አትዝለይ፤ እንደፈለግሽ።

ረቡዕ

ደብዳቤውን እስካሁን አልላኩትም። ሁለቴ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ደርሼ ተመልሻለሁ። ክሊፎርድ «ምን አለ ዊልፍ? መልስ መጣ?» እያለ በር በሬን ይመጣል፤ እኔም ፖስታው ላይ አሳብባለሁ። መልስህን እንደምፈራው ለእሱ እንዴት ብዬ ላስረዳው?

ስትሄድ ያልከኝን አስታውስ። በጁዲት መኪና መስኮት አንገትህን አውጥተህ «ለጥቂት ሳምንት ነው፣ ሄስተር። ደረቴን ታይቼ ውርጭ ሳይወርድ እመለሳለሁ» አልከኝ። ጁዲት መሪውን ይዛ ወደ ፊት ታይ ነበር፤ ወደ እኔ ዞር አላለችም። እኔም ሳቅ ብዬ እጄን አወዛወዝኩልህ። ማመኔንም አለማመኔንም አላውቅም። የሚሄድ ሰው የሚቀረውን ለማጽናናት ብዙ ነገር ይላል።

አሁን ነገሩን እንደ እኔ ሆነህ አስበው። እንደማትመለስ አውቀህ ቢሆን ኖሮ ቤስን በእኛ ላይ ጥለህ አትሄድም ነበር። እኛን አታምነንማ! በዋዜማው ብቻህን ገብተህ ውሃዋን አፍስሰህ፣ ለማንም ሳትናገር ትሄድ ነበር። ስለዚህ ያ ሞተር ባዶ ከሆነ ቤስ ተርፋለች፣ እኔ ግን በመኪና መስኮት ተሸንግያለሁ ማለት ነው። ውሃው ውስጧ ካለ ደግሞ ቤስ አለቀላት፣ አንተ ግን የምርህን ነበር።

ኖሪን «ባዶ ያድርግልን» ስትለኝ «አሜን» እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ምን ብዬ እንደምጸልይ ግራ ይገባኛል። ሻይ አፈላለሁ፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። መስኮቱ ላይ የሰቀልኩትን ቴርሞሜትር እያየሁ እመለሳለሁ፣ ከመቀመጤ ተነስቼ ደግሞ አያለሁ። አሮጊት ሴት በባቡር ውሃ ምክንያት እንዲህ ትሆናለች ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ዓርብ

ዛሬ ጠዋት ዝናብ ጣለና ብርዱ ለቀቀ።

ሦስታችንም ሳንጠራራ ጋራዡ ጋ ተገናኘን። የቆርቆሮው ጣሪያ በሁሉም በኩል ያንጠባጥባል። ቧንቧውን ክፍት አድርገን ትተነው ስለነበር ከሥሩ ባልዲ አስቀመጥንና ቆመን ጠበቅን። ብዙ ቆየን፤ ከቧንቧው ምንም አልመጣም። ክሊፎርድ እጁን እያሻሸ «አላልኳችሁም?» ማለት ጀመረ፤ ለጸደዩ መክፈቻ የሚያደርገውን ንግግር እዚያው ሊለማመድ ነበር። ኖሪን እንኳን ፈገግ ብላለች። እኔ ግን ተሸንግያለሁ አልኩ በልቤ፤ ለቤስ ደስ ይበለኝ ብዬ ራሴን ገሰጽኩ፣ አልሆነልኝም።

ከዚያ ጠብ ሲል ሰማን። ባልዲው ውስጥ አልነበረም። ክሊፎርድ የእጅ ባትሪውን ይዞ ጎንበስ አለ። ቧንቧው እንደተደፈነ ውሃው ከሞተሩ ጎን፣ ከራሱ ከብረቱ ውስጥ እየወጣ ነበር። ከመዳፌ የሚረዝም ስንጥቅ፣ ዝገት የመሰለ ውሃ እያወረደ። ክሊፎርድ ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀ። ኖሪን አፏን በሻርቧ ይዛ አለቀሰች።

እኔ ሳቅኩ፣ ዊልፍ። መያዝ አቃተኝ። ኖሪን ድንጋጤ መስሏት ትከሻዬን አቅፋ «አይዞሽ፣ ሄስተር፣ አይዞሽ» ትለኛለች፤ እኔ ግን በልቤ «የምሩን ነበር፣ የምሩን ነበር» እያልኩ ነው። የምንወዳት ቤስ ዓይኔ እያየ ስታልቅ ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ክሊፎርድ ልቤን ቢያይ ከማኅበሩ ያባርረኝ ነበር።

ደስታዬ የቆየው እስከ ድልድዩ ነው። ድልድዩ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። የምርህን ከነበረ ለምን አልመጣህም? ባለቤትህን በቀበርንበት ሳምንት እንኳን መጥተህ ውሃዋን ያፈሰስክ ሰው ነህ። ትኩሳት ይዞህ፣ ሐኪም ተኛ ብሎህ፣ ከሥሯ ገብተህ ታውቃለህ። ውርጭ ወርዶ አንተ የቀረህበት ዘመን የለም። ከድልድዩ እስከ ቤቴ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ ስልኩን አነሳሁ።

ጁዲት «ተኝቷል» አለችኝ።

«ጁዲት፣ ልጄ» አልኳት፣ «ተነስቶ መቀመጥ ይችላል?»

ስታለቅስ ሰማኋት። 

«አይችልም፣ እትዬ ሄስተር። ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ የለውም ብለውኛል። ለማንም እንዳልናገር ያስማለኝ እሱ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «እባክዎ ስለ ባቡሩ ምንም እንዳይነግሩት» አለችኝ። «በየጠዋቱ ሲነቃ ውርጭ ወርዷል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ልነሳ፣ ልሂድ ይለኛል። አልወረደም እለዋለሁ። ወደ ውጪ እንዳያይ መስኮቱን ሸፍኜበታለሁ።»

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ አይላክም። ሳልጨርሰው መተው ግን አልቻልኩም፤ ለአንተ የጀመርኩትን ለማን ልጨርሰው?

ነገ በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ክሊፎርድና ኖሪን ጣቢያ ያደርሱኛል፤ ስለ ስንጥቁ አንዲት ቃል እንዳይጽፉልህ አስምያቸዋለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንተ ሰው የሚልህን የምታውቀው ዓይንህን ከንፈሩ ላይ ተክለህ ነው፤ አጉረምርሜ ላልፍህ አልችልም፣ ፊቴንም ላዞርብህ አልችልም። በሕይወቴ ዋሽቼህ አላውቅም። ከሰዓት ጀምሮ መስታወት ፊት ቆሜ እየተለማመድኩ ነው።

አልጋህ ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። እጅህን እይዛለሁ፣ ጁዲት ብታይም። ውርጭ ወርዷል ወይ ብለህ ትጠይቀኛለህ። እኔም ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እንድታየው አድርጌ እልሃለሁ፦

«ገና አልወረደም፣ ዊልፍ። ጊዜ አለህ።»

የአንተው
ሄስተር