ለፊርማዬም ለአውራ ጣቴም ያልተከፈተው መስመር

ለተከበሩ የዘንባባ ኢንተርኔት የወላይታ ሶዶ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም የቢሮዎ ኢንተርኔት እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ አናጢው ኤርካሎ አንጁሎ፣ የቤቴ መስመር ከተቋረጠ አርባ ሰባተኛ ቀኔን በሙሉ ጤንነት ይዣለሁ። ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ የጻፍኩት መሆኑን እንዲያውቁልኝ በትህትና እጠይቃለሁ፤ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገብቼ ከአሥራ ዘጠኝ ተማሪ ሁለተኛ ወጥቻለሁና። አንደኛ የወጣችው ወሰንየለሽ ቀድሞም ማንበብ ትችል ነበር ይባላል፤ እሱን ለሌላ ደብዳቤ አቆይቼዋለሁ።

አንደኛ፦ ከአራት ዓመት በፊት ከእናንተ ጋር ስዋዋል የፈረምኩት በአውራ ጣቴ ነበር። ዘንድሮ ወደ ሌላ ድርጅት ለመዛወር ስመጣ ግን የመልቀቂያው ቅጽ ላይ ስሜን ከነአባቴ፣ መስመር ሳልስት ጻፍኩበት። መሥሪያ ቤትዎ በፊርማዬ ውበት ተደስቶ መስመሬን በዚያው ቀን ስለቆረጠልኝ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ስታስገቡልኝ ሁለት ወር ፈጅቶባችሁ ነበር።

ሁለተኛ፦ አዲሱ ድርጅት የእናንተን ክሊራንስ ካላየሁ መስመር አላስገባም አለ። ክሊራንሱን ስጠይቅ የመስኮት ሦስቷ ወይዘሮ ሰናይት ፋይሌን ገልጠው፣ ውሉ ላይ ያለው አሻራ፣ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው አልተረጋገጠም፤ ያኛው ሰውዬ ይምጣ አሉኝ። ያኛው ሰውዬ እኔ ነኝ ብላቸው፣ አባባ፣ እርስዎማ የተማሩ ነዎት አሉኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ተከብሬ ባዶ እጄን ወጥቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፦ ይኸኛው ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዘዙ። ሰርተፍኬት የተቀበልኩ ዕለት በክፍሉ ሁሉ ፊት አውራ ጣቴን በሳሙና አጥቤ፣ ሁለተኛ ቀለም አይነካህም ብዬ ምዬለታለሁ፤ ጭብጨባው መናኸሪያ ድረስ ተሰምቷል። ሆኖም ቦምቤ የምትኖር አሳየሽ የምትባል ታናሽ እህት አለችኝ። አትሰማም፣ አትናገርም፣ ማንበብም አልተማረችም። የምንግባባው በልጅነታችን ጓሮ እንሰቱ ሥር በፈጠርነው የእጅ ምልክት ነው፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ቋንቋውን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ዘወትር ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤቷ ብሩ ስልኩን ይይዝላት፣ እኛም በቤቴ መስመር በቪዲዮ እናወራ ነበር። ወይዘሮ ሰናይት እንደመከሩኝ በሞባይል ዳታ ሞከርኩ፤ እጇ ሊናገር ይነሳና አየር ላይ ይቀራል፣ ሲመለስ ነገሩ አልፏል። ይኸው ለእርስዎ ሙሉ ገጽ ጽፌ፣ ለእሷ አንዲት ፊደል መላክ አልችልም።

ብሩ እንደነገረኝ ሃያ ቀን ያህል ፊቷን እየታጠበች በሰዓቷ ስልኩ ፊት ተቀመጠች። ከዚያ ተወችው። ባለፈው እሁድ ብሄድ፣ ወደ እኔ አመልክታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ምን በድዬህ ተቆጣኸኝ ማለቷ ነው። መስመር ተቋረጠ የሚል ምልክት የለንም።

አራተኛ፦ ስለዚህ ማክሰኞ መሐላዬን አፍርሼ አውራ ጣቴን ይዤ መጣሁ። ወይዘሮ ሰናይት፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ደንበኛ በአሻራ መፈረም በመመሪያ የተከለከለ ነው አሉኝ። መመሪያውን ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት፤ እውነታቸውን ነው። ማንበቤም ማንበብ ለመቻሌ ማስረጃ ሆኖ ፋይሌ ውስጥ ገባ።

ክቡር ሆይ፣ ሌላ የምሰጥዎ ጣትም ስምም ስለሌለኝ ሁለቱንም ከዚህ በታች አኑሬያለሁ፤ የወደዱትን ይዘው ሌላውን ይመልሱልኝ።

ለመቁረጥ የሚበቃ፣ ለመቀጠል የማይበቃ ፊርማ ባለቤት፣ እስከ መስኮት ሦስት ድረስ አክባሪዎ፣

ኤርካሎ አንጁሎ
(ፊርማና የግራ አውራ ጣት አሻራ)

ግልባጭ፦ ለማታ ትምህርት መምህሬ ለአቶ ኤልሳዕ፤ ስለ ጣቴ ይቅርታ ጋሼ።

የተረሳ ነገር፦ እሁድ ዕለት ለእህቴ ለማስረዳት ለመሥሪያ ቤትዎ አዲስ ምልክት ፈጥሬ ነበር፤ እጅን ዘርግቶ ብዙ መጠበቅ፣ ከዚያ ባዶውን መጨበጥ። እሷ የተቸገርኩ መስሏት ከጓሮዋ ጎዳሬ ቆፍራ በከረጢት አሸከመችኝ። ነገሬ ለመሥሪያ ቤትዎም አልገባውምና አልፈርድባትም፤ እሷ ግን ቢያንስ ባዶ እጄን አልመለሰችኝም።