ጃኒን ያለ እኔ የመረጠች ዕለት

ለእህቴ ለሎርና፤ የአሪዞና ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ የኦሃዮ በረዶ ገና አልጀመረንም።

ማክሰኞ ምርጫ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጃኒን ጋር አብረን ሄደን አንድ ሰው ነበር የምንመርጠው። ዘንድሮ ግን ኮሌጅ ገብታ የለ፣ ከክፍሏ ወጣቶች ጋር በሚያስተምራት ሰውዬ መኪና ሄደች። እራት ላይ ማንን እንደመረጠች ጠየቅኳት።

«ያንተን ሰውማ ለእናንተ ለሸበታችሁት ወንዶች ተውኩላችሁ» አለችኝ እየሳቀች።

«መምህሩ ነው የመከረሽ?»

«ዳሬል፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ። ራሴ አንብቤ ነው።»

መምህሩ መጽሐፍ ያውሳታል፤ ስታነብ ብቻዋን ትስቃለች። እኔ ከአሥረኛ ክፍል እንዳቋረጥኩ ታውቂያለሽ።

ትናንት ከፋብሪካ ስወጣ ኮሌጁ ጎራ ብዬ የመመዝገቢያ ቅጽ ወሰድኩ። እንዳትነግሪያት። ለገና ወደ አንቺ ስመጣ እሷም ትመጣ እንደሆነ ግን፣ እኔ መልሷን ስለፈራሁ፣ አንቺው ደውለሽ ጠይቂልኝ።

ሰላምሽን የሚመኝልሽ ወንድምሽ፣ ዳሬል