ስም ከነአያት የሚያውቅ ስህተት

ለክቡር አቶ ኃይለልዑል
የጥላ በር የገበያ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
መርካቶ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላምና በተለይም ለማስታወስ ችሎታዎ ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። ሰሞኑን በማዕከላችን ከኮምፒዩተሩ ጀምሮ ማስታወስ የተሳነው ስለበዛ፣ የዘንድሮው ምኞቴ ከወትሮው ጠንከር ማለቱን ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በመሳለሚያ በኩል ባለው ደረጃ አጠገብ፣ ያገለገሉ የኮምፒዩተር ዕቃዎች የምሸጥ ተከራይዎ ነኝ። ኪራይ ስከፍል በደንብ ያውቁኛል፤ ሊፍቱ እንዲጠገን ስለምን ግን ማን እንደሆንኩ እንደሚጠፋዎ ጸሐፊዎ በትሕትና ነግራኛለች። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈውም ሌላ ክፋት አስቤ ሳይሆን፣ በግል ብጽፍልዎ «አልደረሰንም» የሚል መልስ እንዳይደርሰኝ በመስጋት ብቻ ነው።

ጉዳዩ የእትዬ አልጋነሽ ሱቅ ነው። እትዬ አልጋነሽ በዋናው በር እንደተገባ በስተቀኝ ባለችው ጠባብ ሱቅ ክር፣ ዚፕና አዝራር ይሸጣሉ፤ የአካባቢው ልብስ ሰፊ ሁሉ የሸሚዝ አዝራር ሲጎድልበት የጎደለውን ይዞ መጥቶ ወንድሙን ከእሳቸው ዘንድ ይወስዳል። ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤትዎ በማኅተም አስጊጦ በለጠፈው ማስታወቂያ እንደተነገረን፣ በማዕከሉ ኮምፒዩተር ላይ የዚህች ሱቅ ተከራይ ስም ከአልጋነሽ ወደ አቶ ማሙሸት ብሩክ በለጠ ተለውጦ ተገኝቷል። ምክንያቱም «የመረጃ ክፍሉ ባካሄደው ሙከራ ሆን ተብሎ የተተከለ የሚሞሪ ስህተት» ነው ተብሏል። ይህን ያነበበ ሰው ቀጥሎ «ስለዚህ ስሙ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጠብቃል። ማስታወቂያው ግን «ሆኖም ሲስተሙ አዲሱን ስም ስለተቀበለው» ብሎ፣ እትዬ አልጋነሽ እስከ ሰኞ ሱቁን እንዲያስረክቡ ያዛል። ስህተትን ስህተት ነው ብሎ በማኅተም ማመንና በዚያው ወረቀት እንዲፈጸም ማዘዝ፣ ሁለቱን በአንድ ገጽ ያስማማ አስተዳደር ከዚህ በፊት አላየሁምና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ይህ ሙከራ የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ያልገባቸው ጎረቤቶቼ ስላሉ፣ በእርስዎ ፈቃድ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ነገሩን ሁሉ ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ የሚባል ዕቃ አለው። ይህ ዕቃ ሲያረጅ፣ ሲሞቅ ወይም እንዲሁ ዕድሉ ሲጎድል አንድ ቦታው ይበላሻል። ኮምፒዩተሩ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበት ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም ደግሞ ብልሽቱን ሲሰማ ማስጠንቀቂያ መስጠትና ያንን ቦታ ማንም እንዳይጠቀምበት ማስከለል አለበት። ችግሩ፣ እውነተኛው ብልሽት ከስንት ጊዜ አንዴ ስለሚመጣ ድራይቨሩ ንቁ ይሁን እንቅልፋም ሳይታወቅ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ የመረጃ ክፍላችሁ ባለሙያ ካሚላ ሙናዊር ድራይቨሩ ላይ አንድ ነገር ጨመረችበት፤ ሆን ብሎ የሐሰት ብልሽት መትከያ። ብልሽቱ ይተከላል፣ ጠባቂው ድራይቨር ይጮህ እንደሆነ ይታያል፤ ካልጮኸ ይስተካከላል።

ይህ ለመርካቶ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛ ረድፍ አዲስ ሻጭ የቀጠረ ነጋዴ፣ ከተቆጠረው የጨርቅ ጥቅል ላይ አንድ ትርፍ ጨምሮ «ቆጥረህ አስገባ» ይለዋል። ልጁ «ጋሼ፣ አንድ በልጧል» ካለ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ዝም ካለ ምሳውን አብልቶ ያሰናብተዋል። ነገር ግን ይህ ፈተና አንድ ደንብ አለው። ባለሱቁ ትርፉን ከመጨመሩ በፊት ጎረቤቱን ጠርቶ «እዚህ ጨምሬያለሁ፣ እይልኝ» ማለት አለበት። ምስክር ሳይጠራ ፈትኛለሁ ያለ ነጋዴ እንደ ፈታኝ አይቆጠርም፤ ዕቃ ጠፍቶበት የሚያሳብብበት የፈለገ ሰው ነው ተብሎ ይታማል።

ካሚላ የአንዋር መስጊድ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷም ፎጣ ነጋዴ ነበሩ። ስለዚህ ብልሽቱን ከመትከሏ በፊት፣ ለመሞከሪያው ማሽን የሚሆን ያገለገለ ሚሞሪ ከእኔ በገዛችበት ቀን፣ ሱቄን አዘግታ ወደ መረጃ ክፍሉ ይዛኝ ወረደች። አጠገቧ አስቀምጣኝ ቦታውን በጣቷ እያሳየች «ጋሼ ተክሌ፣ እዚህ ላይ ነው የምተክለው፤ ኋላ ሌላ ነገር ቢባል እዩልኝ» አለችኝ። እኔም አየሁላት። ጠባቂው ጮኸ፣ ቦታው ተከለለ፣ እሷም እንደ ልጅ አጨበጨበች። ሌላ ነገር ይባላል ብዬ ያኔ አልጠረጠርኩም ነበር፤ የእርስዎን አስተዳደር ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀው ኖሯል።

ምስክር በመሆኔ ብቻ ያደሩብኝን ጥቂት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሙከራው የተካሄደበት ማሽን ከዋናው ማሽን ጋር በገመድም ሆነ ያለ ገመድ አይገናኝም። በመካከላቸው አንድ ግድግዳና የእርስዎ የሻይ ክፍል አለ። በመሞከሪያው ውስጥ ያሉት ሱቆችም ካሚላ ለጨዋታ የፈጠረቻቸው ናቸው፤ የአንዱ ባለቤት «አቶ አውቶቡስ ተራ» ይባላል። ስህተቱ ግድግዳውን ተሻግሮ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ዋናው ማሽን ውስጥ ገብቶ ከሆነ እንኳ የእትዬ አልጋነሽ ሱቅ ለአቶ አውቶቡስ ተራ መድረስ ነበረበት። እሳቸው ግን እስካሁን ሊረከቡ አልመጡም።

ሁለተኛ፤ አዲሱ የድራይቨር ጭማሪ ዋናው ማሽን ላይ እንዲጫን ካሚላ ላቀረበችው ጥያቄ ፊርማዎን ገና አልሰጡም። በዚህ ጥንቃቄዎ ከልብ አደንቅዎታለሁ። ያልጫኑት መሣሪያ ባልነካው ማሽን ላይ ያደረሰውን ጉዳት ግን በየትኛው ሳይንስ እንዳወቁት ቢያካፍሉን፣ ልጆቻችንን ለዚያ ትምህርት ባስመዘገብን ነበር።

ሦስተኛ፤ በዚህች መርካቶ ውስጥ ብዙ የተበላሸ ሚሞሪ በእጄ አልፏል። የተበላሸ ሚሞሪ ቃል ይውጣል፣ ፊደል ይበትናል፣ አንዳንዴም ማሽኑን ጨርሶ ያጠፋዋል። የሰው ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አስተካክሎ፣ የሚሠራ ስልክ ቁጥር ጨምሮ፣ የኪራይ ውል ዘመኑን አድሶ የሚያስቀምጥ ብልሽት ግን አላጋጠመኝም። ያን ያህል የተማረ ስህተት ከተገኘ፣ እባክዎን ይቅጠሩት፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ብዙዎቹ የእኔን ስም እንኳ አስተካክለው ጽፈው አያውቁም።

አራተኛ፤ ዋናው ማሽን ብልሽት ደርሶበት ከሆነ የቆየው ድራይቨርም ቢሆን መጮህ ነበረበት። አልጮኸም። ለምን አልጮኸም ብለን ስንጠይቅ ምክትልዎ ስህተቱ ከባድ ስለነበረ ማሽኑ ደንግጦ ነው የሚል ማብራሪያ ሰጡን። አመስግነን ወጣን።

አምስተኛ፤ አቶ ማሙሸት ዘመድዎ ናቸው የሚል አሉባልታ ይናፈሳል። እኔ አሉባልታ አልወድም። ከጠረጴዛዎ በላይ በተሰቀለው የሰርግዎ ፎቶግራፍ ላይ በቀኝዎ የቆሙት ሚዜ እሳቸውን መምሰላቸውም ምናልባት የሚሞሪ ስህተት ነው።

በዚህ መካከል የደረሰውን ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታዎን መካድ ይሆንብኛል። ካሚላ «በግዴለሽነት» ተብላ ከመረጃ ክፍሉ ተነሥታ ሊፍት ተቆጣጣሪ ሆናለች፤ ሊፍቱ ስለማይሠራ የሥራ ጫናዋን በማቅለልዎ ቤተሰቧ ያመሰግንዎታል። ፎጣ የሚሸጠው ጎረቤታችን ፉርቃን ደግሞ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ወደ ቢሮዎ ጎራ ብሎ ጸሐፊዎን «እትዬ፣ ዛሬም ፉርቃን ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ ለቀልድ ነበር። አሁን ሌሎቹም ከኋላው ይሰለፋሉ፤ ማንም አይስቅም። ሱቁ የእሱ መሆኑን ማረጋገጥ ያቃተው ነጋዴ ዕቃ በብዛት አያስገባም፤ የጅምላ ደንበኞቻችንም ይህን ሸትቷቸው «ሰኞ ካለፈ በኋላ እንነጋገር» ማለት ጀምረዋል።

እትዬ አልጋነሽ ግን ቢሮዎ ድረስ መጥተው ቆመው የተመለሱ ዕለት ከአፋቸው የወጣው አንድ ነገር ነው፦ «ኮምፒዩተሩ ነው ይቅርታ የሚጠይቀኝ ወይስ እኔ ልጠይቀው?» ከዚያ ወርደው ሱቃቸውን ከፈቱ፤ ጃኬት ይዞ ለመጣ አንድ ልብስ ሰፊም ዚፕ ለኩ። ይህች ሱቅ ከሄደች ወደ ሌላ የሚዛወሩበት ቦታ የላቸውም። ክርና አዝራር ሰው እግረ መንገዱን ነው የሚገዛው፤ ከዋናው በር አርቀው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢያወጧቸው፣ ያውም ሊፍት በሌለበት፣ ለአንድ አዝራር ብሎ የሚወጣ ልብስ ሰፊ አይገኝም። ይህን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል፤ አቶ ማሙሸትም ያችኑ ሱቅ የመረጡት፣ ይቅርታ፣ ስህተቱ ያችኑ ሱቅ የመረጠው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከሰኞ በፊት በሚመችዎ ሰዓት፣ ተከራዮች ሁሉ ባሉበት፣ ካሚላ ከሊፍቱ ትጠራ። የማዕከሉ መዝገብ ቅጂ መሞከሪያው ማሽን ላይ ይጫን። በእኔ ሱቅ ስም ላይ የፈለገችውን ያህል ብልሽት ትትከል። ከዚያ ብልሽት ውስጥ አንድ ሙሉ ሰው፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱና ከነስልክ ቁጥሩ ከወጣ፣ የሱቄን ቁልፍ በሁሉ ፊት ለእሱ አስረክቤ ከማዕከልዎ እወጣለሁ፤ እርስዎንም በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልወጣ ግን የእትዬ አልጋነሽ ስም ወደ ቦታው ይመለስ፤ ካሚላም ወደ ወንበሯ። ከእርስዎ ይቅርታ አንጠብቅም፤ እንዲህ ያለ ከባድ ዕቃ ደረጃ መውጣት እንደማይችል እናውቃለን።

ይህ ሳይሆን ሰኞ ከደረሰ፣ ረድፉ በሙሉ ሱቁን ዘግቶ በእትዬ አልጋነሽ በር ላይ አዝራር ሊገዛ እንደሚመጣ በአክብሮት አስታውቃለሁ። የምንገዛው አንዳንድ አዝራር ነው፤ የምንመርጠው ግን ቀስ ብለን ነው። አቶ ማሙሸት ወረፋ ይይዛሉ።

ለደግነትዎ፣ ለትዕግሥትዎና ባልተገኘው ማስረጃ ላይ ላሳዩት ጽኑ እምነት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት በድጋሚ እያረጋገጥኩ፣ ስሙ ይህን ደብዳቤ እስከ ፈረመበት ሰዓት ድረስ ያልተለወጠ ታማኝ ተከራይዎ፣

ተክለ ሃይማኖት ይመር
ሁለተኛ ፎቅ፣ ለጊዜው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ሳልለጥፈው ታፔላ ሠሪው ሶሬሳ መጣና አንድ ነገር ነገረኝ። አቶ ማሙሸት «ማሙሸት ክርና አዝራር» የሚል ታፔላ ለዚያችው ሱቅ በር ልክ አስለክተው ያዘዙት፣ ካሚላ ብልሽቱን ከመትከሏ ከአንድ ሳምንት በፊት ኖሯል። ስህተት ከመድረሱ በፊት ለባለጉዳዩ ቀድሞ ማሳወቁን አላውቅም ነበርና፣ ለዚህ አገልግሎትም አመሰግናለሁ። ታፔላው ደርቆ አልቋል፤ ሶሬሳ ከሱቁ ፊት ለፊት አቁሞታል። የረድፉ ሰው ሁሉ ወርዶ አይቶታል፤ እርስዎም ቢመጡ ከፊት ቦታ እንለቅልዎታለን።