የሞተር ሳይክሉን መሪ ወደ ግራ ስለ ማዞር

ለኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል አስመጪው ድርጅት የድኅረ ሽያጭ አገልግሎት መምሪያ ክቡር ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ያለኝን ምኞት በትሕትና እገልጻለሁ። በተለይም ኩላሊቶችዎ፣ ሁለቱም፣ ያለ አንዳች መስተጓጎል ሥራቸውን እንዲሠሩልዎ እመኛለሁ፤ ከሌላው አካልዎ ለይቼ ኩላሊትዎን ለምን እንዳነሣሁ ወረድ ሲሉ ያገኙታል። በአካል ቀርቤ ሰላምታ ማቅረብ ሲገባኝ እንዲህ በአደባባይ በመጻፌም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። አምስት ጊዜ ደጅ ጠንቼ አምስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ በስድስተኛው መጥቼ ስብሰባውን እንዳላደፈርስብዎ ሰግቼ ነው።

ምናልባት ከነመፈጠሬም ላያውቁኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከድርጅትዎ ሞተር ሳይክል የገዛሁት ለሽርሽር አይደለም። ዕድሜ ልኩን የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግን የኖረው አባቴ፣ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደርሶ ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት። ሩብ ሰዓት ከዘገየ ወንበሩ ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ በዚህ ቅር አልሰኝም፣ ተጠባባቂውም የሰው አባት ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ስለማይችል ከኋላዬ ተቀምጦ ወገቤን ይይዝና እንሄዳለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት "እንደ ሙሽራ አጅበሽ ትወስጂኛለሽ" እያለ ይስቅ ነበር። አሁን አይስቅም፤ መሪውን ወደ ግራ ባጠፍኩ ቁጥር ጣቶቹ ጎኔ ውስጥ ሲቀበሩ ይሰማኛል።

አቤቱታዎቼን ለንባብ እንዲመችዎ በቁጥር አስቀምጫለሁ። ድርጅትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ነው።

1ኛ፦ ስለ ሃያ ሦስት ቁጥር።

በገዛሁት በሁለተኛው ወር፣ መንገድ ላይ እያለን፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ከሃያ ሦስት ቁጥር ጋር ብልጭ አለና ሞተሩ እንዳለ ዝም አለ። ዝም ያለበትም ቦታ የመስቀለኛ መንገድ መሃል ነበር። አሸዋ የጫነ መኪና ከአባቴ ጉልበት አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ የተናገረኝን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ቃሉ ለእርስዎ የተገባ እንጂ ለእኔ ስላልነበር በአደራ ይዤዋለሁ፣ በፈለጉት ጊዜ አስረክባለሁ።

ቤት ስገባ መመሪያውን ገለጥኩ። በሃያ ሦስት ቁጥር ሥር "ወደ አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ" ይላል። ሃያ ሁለትን አየሁ፣ ያው ነው። ሃያ አራትም ያው ነው። ከአንድ እስከ አርባ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ መድኃኒት ብቻ እንዳላቸው ስረዳ፣ ይህን ሁሉ ቁጥር መፍጠር ለምን እንዳስፈለገ ባይገባኝም፣ ለደከመው ሰው ግን አዘንኩለት።

2ኛ፦ ስለ አምስቱ ምርመራዎች።

ሃያ ሦስት በበራ ቁጥር ማዕከልዎ ስመጣ የተደረገልኝን መስተንግዶ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። በመጀመሪያው ቀን ቴክኒሻንዎ መሣሪያውን ሰክቶ አንብቦ፣ ዳሽቦርዱን በጨርቅ ወልውሎ፣ "ችግር አልተገኘም" የሚል ማኅተም መታልኝ፤ በቀሩት አራት ቀኖችም ይህ ማኅተም አልቀረብኝም። በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ያስታወሰውን ሁሉ አጥፍቶ፣ "አሁን ረስቶታል" አለኝ። ሞተሩ ረሳ፤ አሸዋ የጫነው መኪና ግን ከእኔ አልወጣም። በሦስተኛው ሶፍትዌሩን አዲስ አደረገልኝና ከዚያ ወዲህ የሰዓቱ ቀለም አረንጓዴ ሆነ፣ እጅግ ያምራል። በአራተኛው ደግሞ የሚነዳው ሰው እኔ ራሴ መሆኔን ከጠየቀኝ በኋላ፣ ወንድም ወይም ባል እንዳለኝ ለማወቅ ፈለገ። ስለ ቤተሰቤ ላሳየው አሳቢነት ምስጋናዬ ይድረሰው፤ ወንድምም ባልም የለኝም፣ ሃያ ሦስት ቁጥር ግን አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ቴክኒሻንዎ ጥቁር ናስትሮ ቆርጦ ቀዩ ሦስት ማዕዘን በሚበራበት ቦታ ላይ በጥንቃቄ ለጠፈና "ካላዩት አያሳስብዎትም" አለኝ። ይህን የሰማሁት በጆሮዬ ነው፤ አመስግኜው ወጣሁ። ያን ዕለት ለእርስዎ በጽሑፍ አመለከትኩ። በሦስተኛው ሳምንት የደረሰኝን፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበትን መልስዎን አሁንም አክብሬ አስቀምጬዋለሁ። "ማስጠንቀቂያው የመረጃነት ባሕርይ ብቻ ያለው በመሆኑ፣ ደንበኛዋ ሳይረበሹ መገልገላቸውን እንዲቀጥሉ" ይላል።

እኔም ሳልረበሽ ቀጠልኩ።

3ኛ፦ ስለ አንድ ረቡዕ።

መልስዎ በደረሰኝ በሳምንቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከሆስፒታሉ በፊት ባለው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ከናስትሮው ሥር ቀይ መብራት በርቶ ኖሮ ይሆናል፤ እኔ አላየሁትም፣ ስለዚህ አላሳሰበኝም። ሞተሩን እየገፋሁ፣ አባቴ አጠገቤ በእግሩ እያዘገመና በየአሥር እርምጃው እያረፈ ስንደርስ፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ነርሷ "አባባ፣ ያለው የዓርብ ተራዎ ብቻ ነው፤ ውኃ እንዳይጠጡ" አለችው። አባቴም አልጠጣም።

የማይታጠብ ደም ግን ዓርብን አይጠብቅም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እግሮቹ አብጠው ጫማው አልገባ አለ፤ ቀጥሎ መተኛት አቃተው፤ ቀጥሎ ቁጭ ብሎም አየር አጠረው። ትንፋሽ ያጣ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል አይተው እንደሆነ አላውቅም። እኔ አይቻለሁ፤ ያየሁትም የአባቴን ነው። ጎረቤታችን በመኪናው ድንገተኛ ክፍል አደረሰን፤ ሳንባው በውኃ ተሞልቶ ነበር። ሁለት ቀን አስተኝተው መለሱልኝ። ሐኪሟ "ሌላ አንድ ቀን ቢያልፈው ኖሮ" ብላ ጀምራ ሳትጨርስ ተወችው። ክቡር ሆይ፣ ያልጨረሰችውን እርስዎ በማኅተምዎ ቢጨርሱልኝ እወዳለሁ።

4ኛ፦ ጥፋቱ እንዴት እንደተገኘ።

አባቴ ከሆስፒታል በወጣ በማግሥቱ መስኮቱ አጠገብ ትራስ ተደግፎ፣ ግቢው ውስጥ የቆመውን ሞተር ብዙ ሰዓት ሲያይ ቆየና "ስንሄድ እንጂ ስንመለስ ጠፍቶብን ያውቃል?" አለኝ። አሰብኩ፣ አያውቅም። "ስንሄድ በየት ነው የምንታጠፈው?" ሲለኝ ሦስቱም መታጠፊያዎች ወደ ግራ እንደሆኑ፣ ስንመለስ ግን ሁሉም ወደ ቀኝ እንደሚሆኑ ገባኝ። ለአሥራ አንድ ዓመት ለልጆች ስለ ኤሌክትሪክ ያስተማርኩ ሴት፣ ከአራተኛ ክፍል ባላለፈ ሰው ፊት እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ናስትሮውን ልጬ፣ ሞተሩ በቆመበት መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። ሃያ ሦስት በራ። ወደ ቀኝ መለስኩ፣ ጠፋ። አባቴ "የስፌት መኪናም ሽቦው የሚበጠሰው እግር በሚረግጥበት በኩል ነው፤ የሚንቀሳቀሰውን ቦታ እይ" አለኝ። መሪው ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኝበትን ሽፋን ስንከፍት፣ የሽቦዎቹ እስር ያለ ልክ አጥሮ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተጠፍንጎ፣ ወደ ግራ በዞረ ቁጥር እየተወጠረ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ አንዱ ሽቦ ልብሱ ተገፍፎ ራቁቱን ቀርቷል። የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት ግራ ክንዱ እንዲደክም ስለማይፈቀድ፣ አባቴ በቀኝ እጁ ካቻቢቴውን ይዞ፣ እኔ በእሱ ግራ እጅ ፋንታ ሆኜ፣ እያረፍን ግማሽ ቀን ሠራን። ማሰሪያውን ቆርጠን ሽቦውን አላላነው፣ የተገፈፈውን አለበስነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ቁጥርን አላየሁትም፤ ናስትሮ ሳይኖርም ማለቴ ነው።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ባለ ሙያዎችዎ አምስት ጊዜ መርምረው እንዴት አላገኙትም? ለሌሎች ደንበኞችም ይጠቅማል ብዬ ያገኘነውን በጽሑፍና በፎቶግራፍ ይዤ ማዕከልዎ ስመጣ መልሱን በዓይኔ አየሁት። ሞተሮቹ የሚመረመሩት የፊት ጎማቸውን ግራና ቀኝ ጥርቅም አድርጎ በሚይዝ ብረት ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል "ንብረትዎን በሥርዓት እናቆማለን" ተብሏል። እውነት ነው፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። እዚያ ብረት ውስጥ የገባ ሞተር ወደ ግራም ወደ ቀኝም መዞር አይችልም፣ ስለዚህ መታመምም አይችልም። እንዲህ ያለ ሕመም የማያስገባ ሆስፒታል ቢኖር አባቴን እዚያው አስገብቼው በተገላገልኩ።

ሪፖርቴን የተቀበለኝ ሠራተኛ የተቆረጠውን ማሰሪያ በፎቶው ላይ ሲያይ ፊቱ በራ፤ በአምስት ወር ውስጥ አንድ ጥፋት ማግኘታቸው ነበርና። ወዲያውም "ባልተፈቀደለት ሰው የተከፈተ በመሆኑ ዋስትናው ተሰርዟል" የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ፊርማው የእርስዎ ነው። ለካ እንዲህ በፍጥነት መፈረም ይችላሉ።

5ኛ ብዬ ልቀጥል የነበረው ስለ ካሣ ነበር፤ ተውኩት። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሞተሮቹን ከዚያ ብረት ያውጡና መሪያቸውን አንድ ጊዜ፣ እስከ መጨረሻው፣ ወደ ግራ ያዙሩ። ሃያ ሦስት የበራበትን ሁሉ ባለቤቱን ጠርተው ማሰሪያውን ይቁረጡለት። አባቴ ታምሞ በግማሽ ቀን የሠራውን፣ ጤነኛ ሰው በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል።

ለተቀመጡበት ወንበር ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ መሆኑን፣ ለተቀመጠበት ሰው የሚመጥን ቃል ግን ጨዋ ሆኜ ስላደግሁ መጻፍ ያልቻልኩ መሆኔን እየገለጽኩ፤

የአምስት "ችግር አልተገኘም" ማኅተሞች ባለቤት፣
ያልተፈቀደለት ሰው ልጅ

ግልባጭ፦ ለአሸዋ መኪናው ሹፌር፤ ፍሬንህ ስለሠራልን እናመሰግናለን።

ሳልጽፈው የቀረ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳላወጣው፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ የበር ጠባቂዎ አንድ ሞተር ሳይክል እየገፋ ቤታችን መጥቶ "የእኅቴ ልጅ ሞተር ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠፋል፣ አባባ እንዲያዩት" አለን። ጠባቂውን አደራ አይቆጡት፤ እሱ ምስጢርዎን ጠብቋል። ያጋለጠዎ ከኋላ የተለጠፈው "የመምሪያ ኃላፊ የማቆሚያ ፈቃድ" የሚለው ወረቀት ነው። ከዚህም ሪፖርቴን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና እንዳነበቡት ተረድቻለሁ፤ ከልብ አመሰግናለሁ። ዳሽቦርዱ ላይም ናስትሮ አልነበረም፤ ለራስዎ ሲሆን ማየት ይወዳሉ ማለት ነው። የማን እንደሆነ ለአባቴ ስነግረው "መኪናው ምን አጠፋ፤ ካቻቢቴውን አምጪ" አለኝ። ማሰሪያውን ቆርጦ፣ ሽቦውን ከእኔው የበለጠ አሳምሮ ሠራልዎ። በፈረሙት ደንብ መሠረት የሞተርዎ ዋስትና ከትናንት ጀምሮ ተሰርዟል። አባቴ "ወደ ግራ ሲታጠፍ አይፍራ በዪው" ስላለኝ መልእክቱን አድርሻለሁ። ሌሎቹ ደንበኞችዎ ግን ነገ ጠዋትም ሰው ከኋላቸው አስቀምጠው ወደ ግራ ይታጠፋሉ።