ሲዲ የዋጠው ጌም

ውድ ወንድሜ ይዲድያ፣

ካልጋሪ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደክሞኛል። ከሥራ ስገባ ልጄ ይቀበለኛል፣ እሱ ሲተኛ እማዬ ትቀበለኛለች። ዛሬ እሑድ ከሰዓት ሁለቱም ሸለብ ስላደረጋቸው ነው የምጽፍልህ።

ነገሩ ሲዲ የምናይበት፣ ጥለኸው የሄድከው ጌም ነው። "ሲዲ ማንበብ ትቷል" ብለኸን ነበር፤ የአባባ ቀብር የተቀረጸበት ሲዲ እዚያው ውስጡ ቀረ። ሌላ ቅጂ የለንም፤ የቀረጸው ልጅ ኮምፒውተሩ ተሰርቆበታል። እማዬ እኔን ልታርስ ከአገር ቤት እዚህ መጥታ ሳለች ባሏ እዚያው ሞቶ በማግስቱ ተቀበረ። ለቀብሩ የደረሰችው በዚያ ሲዲ ብቻ ነው። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ደግሞ "አንዴ ብቻ አሳዪኝ" ማለት ጀመረች።

እናም ጠጋኝ ሆንኩልህ። ከሶኬት ነቅዬ አሳደርኩት፤ ምንም። ሲዲ ማውጫውን ተጫንኩ፤ ዝም። ብሉር ጎዳና ላይ ስልክ የሚጠግነው ተማም ዘንድ ብወስደው፣ ሳይከፍተው "ሲዲ የሚያነበው ድራይቭ ሞቷል፣ ሪፕሌስ ማድረግ ነው ያለብሽ። አዲሱ ግን ከቦርዱ ጋር ላይግባባ ይችላል" አለኝ። ተናድጄ ይዤው ተመለስኩ። በልጁ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ታቅፌው ስለነበር ባቡር ውስጥ አንድ ሰውዬ ሕፃን መስሎት ቦታ ለቀቀልኝ። አመስግኜ እስከ መውረጃዬ ዌስተን ድረስ ተቀመጥኩ።

ትናንት ጠዋት ቪዲዮ እያየሁ ራሴ በካቻቢቴ ከፈትኩት። ድራይቩን ከቦርዱ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ ተነቅሏል። በራሱ እንዳልወለቀ ያስታውቃል፤ ጫፉ ታጥፎ የሆኪ ዱላህን በምትጠቀልልበት ሰማያዊ ፕላስተር ተለጥፏል።

ልናደድብህ ፈልጌ አቅም አጣሁ። ደግሞም ገባኝ። እዚህ ሳለህ ሲዲው በተከፈተ ቁጥር አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ እማዬ ማልቀስ ትጀምራለች፣ አንተ ጫማህን አድርገህ ትወጣለህ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። አጠገቧ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ያየ ከመካከላችን የለም።

ገመዱን መለስኩት። ሲዲው መዞር ሲጀምር አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዷ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "እዚህ ላይ አቁሚልኝ" አለች። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ከቀባሪዎቹ መሃል አንዲት ሴት ምርኩዝ ይዛ ቆማለች።

"ጎረቤቴ እንቁ ናት። በዚያ በታመመ ጉልበቷ ወጥታለች። ደውይልኝ።"

ደወልኩ። "ባሌን ቀበርሽልኝ፣ እግዜር ብድርሽን ይክፈልሽ" አለቻት። ቀጥሎ ሌላ ፊት፣ ሌላ ስልክ። ጆይስቲኩን ማዘዝ ስለማትችል ፊቶቹ ያልፉባት ነበር፤ ለካ "ድገሙልኝ፣ ድገሙልኝ" የምትለን ለዚህ ነው። ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት ሊሞላ መሆኑ አሳፈረኝ።

ስለ ብልሽቱ አንተን ላለማስወቀስ "ገመዱ ላልቶ ነው" አልኳት።

ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል "ይዱ ሲነቅለው እኮ አይቼዋለሁ" አለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽው?"

"የእኔን ለቅሶ እየሰማ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ይረፍ ብዬ ነው።"

"ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልጄን ላሳጣው?"

ይዱ፣ ለሙት ዓመቱ ና። ያልደወለችላቸው ጥቂት ሰዎች ስላሉ የቀረውን ሦስታችን ሆነን እናየዋለን። ጆይስቲኩን አንተ ትይዛለህ። ጫማህን ግን እኔ እደብቀዋለሁ።

የደከማት እህትህ፣
ሜሮን