የታፈነው ቀፎ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ ናፍቆትህ እንደ ሰም ተጣብቆብኝ አልላቀቅ ብሎኛል፤ ለጤናህ እንዴት ነህ? እኔም አባባም ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት ንቦቹ ናቸው።

እሑድ ቀፎ ልፈትሽ ጓሮ ብወጣ ትልቁ ቀፎ ጭጭ ብሏል። በዚህ የበጋ ሐሩር መግቢያውን በጨርቅ ጠቅጥቀው ደፍነውታል፤ ንቦቹ ታፍነው አልቀዋል። ማን እንዳደረገው ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም፤ "ንባችሁ ደንበኛ አባረረብኝ" እያለ ሲዝት የከረመው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። ጨርቁን ጎትቼ ባወጣው ደግሞ የአባባ ካፖርት ገበር! ቤታችን ድረስ ገብቶ ቀደደው ማለት ነው፣ ሌባ! አባባ በብርድ ወራት ንቦቹ እንዳይበርዳቸው መግቢያውን ደፈን እንደሚያደርጉም ከአጥር ማዶ አይቶ ነው የተማረው።

ለአባባ ብነግራቸው፣ በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውን እንደደረቡ "እሰይ፣ አሁን አይበርዳቸውም" አሉኝ። ድንጋጤ ነው። ሰውየው ይባስ ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ኧረ አባትሽን ጠይቂያቸው" ይለኛል።

የእጁን ሳልሰጠው እንቅልፍ አይወስደኝም። የተረፈውን ቀፎ ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ መርፌ እንዴት እንደሚወጋ ንቦቹ ያሳዩት። ለሌብነቱም ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዝቼ፣ ከማድቤት ወደ ጓሮ በሚያስወጣው በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል ገጥሜበታለሁ።

አባባ ሰላም ብለውሃል። በሩን እየደበደቡ "ክፈቺልኝ፣ ንቦቹ በረዳቸው" እያሉኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ። በደህና ያገናኘን።

እህትህ